ታይፎይድ አለብኝ ወይስ የለብኝም?

ሰውየው የላቦራቶሪያችን መስኮት ላይ ሁለት ወረቀት ዘርግተው ጠበቁኝ። የሚኒባስ ሾፌር ናቸው፤ ሃምሳን ተሻግረዋል።

«ልጄ፣ ትናንት ሌላ ቦታ ታይፎይድ አለብህ አሉኝ። ዛሬ እናንተ የለብህም አላችሁ። ማንን ልመን?»

ሁለቱም የዊዳል፣ ማለትም የታይፎይድ የደም ምርመራ ውጤት ናቸው። የትናንቱ «ሪአክቲቭ፣ 1:80» ይላል፤ ሴረሙ (የደሙ ቢጫ ፈሳሽ) ሰማንያ እጥፍ ቀጥኖም ምላሽ ሰጥቷል ማለት ነው። የእኛው «ኖን ሪአክቲቭ»። ደሙ ያው ነው፤ የተለያየው መስመሩ ነው። እኛ 1:160 ካልደረሰ ሪአክቲቭ ብለን አንጽፍም። እዚያ ግን 80 ይበቃል።

ዋናው ሕመማቸው ድካም ነው። ትኩሳት የላቸውም። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ግን ደጋግመው ውጠዋል፤ በየሄዱበት ታይፎይድ እየተባሉ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልገባቸውም። እንደውም የምሸሽ መሰላቸው። «ቆይ ጋሼ፣ የእኔን እንየው» አልኩና ባልደረባዬ ደም ቀዳልኝ። ሴንትሪፊውጁ ሲጨርስ ቢጫውን ሴረም ስላይድ ላይ ሁለት ቦታ ጠብ አደረግኩ። በአንዱ ላይ ሰማያዊውን የኦ አንቲጂን (ከጀርሙ አካል የተዘጋጀ ፈሳሽ)፣ በሌላው ቀዩን የኤች አንቲጂን ጨመርኩ። ቀላቅዬ አንድ ደቂቃ ያህል አወዛወዝኩት። ሰማያዊው ምንም አላለም። ቀዩ በደንብ እንዳልተማሰለ ሽሮ ጓጎለ።

ሰውየው አንገታቸውን አስግገው አዩት። «አንቺንም ይዞሻል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ!»

አሁን ጆሮ ሰጡኝ። ምርመራው ጀርሙን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ጀርሙን ሲያይ የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ኦ ከባክቴሪያው ሽፋን፣ ኤች ከሚዋኝበት ጭራ የተወሰደ አንቲጂን ነው። ጀርሙ ከወጣ በኋላ አንቲቦዲው ወዲያው ተጠራርጎ አይጠፋም። የኤቹማ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ሳልሞኔላዎችም ተመሳሳይ አንቲጂን ስላላቸው ስላይዱን ሊያጓጉሉት ይችላሉ። የእኔ ከየት እንደመጣ እንጃ። የምንጠጣውን ውሃ ለሚያውቅ ሰው ግን አይገርምም።

«ስለዚህ ድሮ ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል።»

የሚያናድደው ደግሞ ተቃራኒውም መኖሩ ነው። ታይፎይድ በትክክል የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሊያመልጠን ይችላል፤ አንቲቦዲ ለመሥራት ቀናት ይፈጃላ። ደንቡ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ቀድቶ ቁጥሩ አራት እጥፍ ማደጉን ማየት ነው። ከዚያም የሚሻለው ከደሙ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ማግኘት፣ ማለትም ብለድ ካልቸር ነው። ይኼ ግን ቀናት ይወስዳል፤ በየሰፈሩ ክሊኒክም አይገኝም። ዊዳል ከ1896 ጀምሮ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ እውነቱን ለመናገር ለክሊኒክም ገቢ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ራስ ምታት ያለው ሁሉ ታይፎይድ የሚሆነው።

ወረቀቶቹን ይዤ ሐኪሙ ጋ ገባሁ። እሱም እንደገና ጠየቃቸው፤ ውሃ ጥም፣ ሌሊት ሽንት መመላለስ፣ የከሳ ሰውነት። ስኳር እንድንሠራ አዘዘ። ከፍ ብሎ ተገኘ።

አሁን ውጤት ስንጽፍ ቁጥሩንና የእኛን መነሻ መስመር አብረን እናሰፍራለን። ከሥሩም «ያለ ምልክት ብቻውን ለሕክምና አይበቃም» የምትል ማኅተም አስቀርጸናል። ባለቤቱ ለማኅተሟ ሲከፍል ትንሽ አጉረመረመ። ዊዳል የሚያዝዘው ሰው ቀንሷል መሰለኝ።