ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ

የእንግሊዝ አገር የድሮ የሣር ክዳን ቤቶች ከጅማ ጭቃ ቤት ብዙም አይርቁም። የብዙዎቹ ቋሚና አግዳሚ ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፤ መሀሉ በቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ በጭቃ፣ በጭድና በእበት ይመረጋል። ጣሪያቸው 50 ዲግሪ ገደማ ይቆማል፤ ዘርጋ ካለ ውሃው ቶሎ ስለማይወርድ ሣሩ ይበሰብሳል። ዝናብ ለሚበዛበት ጅማም ይኸው ይሠራል።

በሽታቸውም አንድ ነው። ምርጊቱ ሲሰነጠቅ በሲሚንቶ መሸፈን ቤቱን መግደል ነው! እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥና ሲኮማተር ደረቁ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አያገኝም። ከውጭ ግድግዳው ያምራል፤ የቋሚውን እግር በቢላ ብትወጉት ግን ስለቱ እንደ ቅቤ ይሰምጣል። ሲሚንቶውን በቀስታ አንሱ፣ የበሰበሰውን እግር ቆርጣችሁ በደረቅ እንጨት ቀጥሉና ድንጋይ ላይ አሳርፉት። ከዚያ ስንጥቁን አርጥባችሁ ከጭድ ጋር በደንብ በቦካ ጭቃ ሙሉት።