ጥፋተኛ የሌለበትን አድልዎ እንዴት አመለከትኩ

የሶሻል ወርክ ትምህርት ላይ ሳለን የአድልዎ ዓይነቶች በአንድ ከሰዓት የሚያልቁ ነበሩ። ቀጥተኛው ይህ ነው፣ ቀጥተኛ ያልሆነው ያ ነው፣ ማዋከብም ከአድልዎ ይቆጠራል፣ አቤት ባለ ሰው ላይ የሚፈጸም በቀልም እንዲሁ። ፈተናውን ተፈትነን አለፍን። ሥራ ላይ የሚገጥመን አድልዎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሳዳቢም ገፍታሪም የለውም፤ የመመሪያ ቁጥርና ማኅተም ያለው ነው። እንዲህ ያለውን ማመልከት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ የቤት ለቤት እንክብካቤ የጠየቁ የአንዲት አረጋዊት ፋይል ነው። ከሌላ ባልደረባ ተላልፎ እጄ ሲገባ ተዘግቶ ነበር። የመጨረሻው ገጽ «በስልክ ተደውሎላቸው አላነሱም። በድጋሚ ተደውሎ አላነሱም። ለሦስተኛ ጊዜም ስላላነሱ ለአገልግሎቱ ፍላጎት እንደሌላቸው ተቆጥሮ ፋይሉ ተዘግቷል» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የእጅ ጽሑፍ፣ «መስማት የተሳናቸው ናቸው» ተብሎ ተጽፏል።

ባልደረባዬ ክፉ ሰው አይደለችም። መመሪያው ቀጠሮ በስልክ ይያዛል፣ ሦስት ጥሪ ያልመለሰ ተገልጋይ ፋይሉ ይዘጋል ይላል፤ እሷም የታዘዘችውን ፈጸመች።

ቀላሉን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። አረጋዊቷን ቤታቸው ሄጄ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አነጋገርኳቸው፤ ስማቸው እስካልተጠቀሰ ድረስ ጉዳያቸውን እንዳቀርብ ፈቀዱልኝ። በተመሳሳይ ምክንያት የተዘጉ ሌሎች ፋይሎችን ለየሁ። የመመሪያውን ቅጂ አያይዤ የአቤቱታ ቅጹን ሞላሁ።

መከራው ከቅጹ ጀመረ። «አድልዎ የፈጸመው ሠራተኛ ሙሉ ስም» የሚል ሳጥን አለው። ባዶውን ተውኩት። «ያልተሟላ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። «የማመለክተው ሰው ሳይሆን መመሪያ ነው» ብዬ ጽፌበት መልሼ አስገባሁ። አሁንም ተመለሰ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አድልዎ ማለት አንድ ክፉ ሠራተኛ የሚሠራው ጥፋት ነው ብሎ አምኗል፤ ከዚያ እምነት ውጭ የሆነ አቤቱታ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባበት በር አልነበረውም።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

«ማን ነው ያዳላው?» አሉኝ።

«በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። የስልክ ደንቡ ነው።»

«ደንቡ እኮ ለሁሉም እኩል ነው። ለአንዱ ደውለን ሌላውን አልተውንም። ክፋት ያሰበስ ማን አለ?»

ይህንን «ለሁሉም እኩል» የሚል መልስ ስንት ጊዜ እንደምትሰሙት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ ማለት እኮ ይኸው ነው፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ደንብ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ አንድን ወገን ለይቶ ውጭ ሲያስቀር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ ወስኗል። አንድ አሠሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃና ፈተና ከሁሉም ይጠይቅ ነበር። መስፈርቱ ጥቁር ሠራተኞችን ከተሻለው ሥራ አስቀረ፤ ለሥራው እንደሚያስፈልግ ግን አልተረጋገጠም። ፍርድ ቤቱ የአሠሪው ቅን ሐሳብ አሠራሩን ሕጋዊ አያደርገውም አለ። ይህንን ለኃላፊው ነገርኳቸው። «እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም» አሉኝ።

ቀጥሎ በጀት መጣ። ለአስተርጓሚ የሚሆን ገንዘብ የለም ተባልኩ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ለመላክ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ከአቅም በላይ ጫና ሳያስከትል አሠራሩን ለአካል ጉዳተኛው እንዲስማማ ማስተካከልን፣ መንፈግ ራሱ አድልዎ ነው ይላል። የድርጅቱ የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት፣ ያለውን ሀብት ሁሉ ለመጠቀም ጥረት ሳይደረግ የሀብት እጥረትን ምክንያት ማድረግ ተቀባይነት እንደሌለው አስቀምጧል። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ወደ አካል ጉዳተኞች ክፍል መሩኝ።

የአካል ጉዳተኞች ክፍል «ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ የአረጋውያን ክፍል ጉዳይ ነው» አለ። የአረጋውያን ክፍል «መስማት የተሳናቸውን የሚመለከተው እኛን አይደለም» አለ። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈችው ነገር ያኔ ፊቴ ቆመ። ጥቁር ሴቶች የመኪና ፋብሪካ ሲከሱ፣ ፍርድ ቤቱ ሴት መሆንንና ጥቁር መሆንን አንድ ላይ አላይም አላቸው፤ ፋብሪካው ነጭ ሴቶችን ቀጥሯልና በሴትነት አልተበደላችሁም ተባሉ። የእኛም አረጋዊት ሁለት በር ተከፍቶላቸው ሁለቱም ወደ ሌላው የሚያመለክት ሆነባቸው።

እስካሁን የሚያበሳጨኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አቤቱታዬ በመጨረሻ «ተሟልቶ» ተመዘገበ። እንዴት ተሟላ ብዬ ስመለከት፣ ባዶ የተውኩት ሳጥን ውስጥ የባልደረባዬ ስም ተሞልቷል። የጻፈችው ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ስለነበረ ስሟን ከዚያ ወሰዱት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ለሠራተኛው ሁሉ የግማሽ ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና ተሰጠ፤ ጉዳዩም «እልባት አግኝቷል» ተባለ። ስልጠናው ባለቀ ማግስት ያው ደንብ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነበር። እሷም ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች፤ አልፈርድባትም።

ማስጠንቀቂያው እንዲነሳ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ከዚያ ለሥራ አመራር ቦርዱ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ብቻ አዘጋጀሁ፤ በአንድ በኩል ፋይሉ የተዘጋበት ምክንያት፣ በሌላ በኩል መዝገቡ መጀመሪያ ላይ የሰፈረው የመስማት ሁኔታ። ስም የለም፣ ስሜት የለም፣ ክስ የለም። ቦርዱ ተገልጋይ የሚገኝበትን መንገድ ተገልጋዩ ራሱ እንዲመርጥ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መመሪያው ላይ ጨመረ። በዚህ እኮራለሁ። አረጋዊቷ እንክብካቤውን አገኙ፤ የባልደረባዬም ማስጠንቀቂያ ተነሳ።

ይህንን መንገድ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ የአቤቱታ መመሪያው «በቅድሚያ ከሚመለከተው ሠራተኛ ጋር በቃል ተነጋገሩ» የሚለውን በደንብ ላይ ለሚቀርብ አቤቱታ አትከተሉት። ነገሩን የሁለት ሰዎች ጠብ ያደርገዋል። በጽሑፍ ጀምሩ፣ ሳጥኑንም ባዶ አትተዉ፤ ባዶ ቦታ ሌላ ሰው ይሞላዋል። የመመሪያውን አንቀጽ ቁጥር ጻፉበት። «ተባባሪ አይደሉም» ወይም «ፍላጎት የላቸውም» የሚል ቃል ፋይል ውስጥ ባያችሁ ቁጥር ተገልጋዩ በምን መንገድ እንደተጠየቀ ፈልጉ። ተገልጋዩ አገልግሎቱን እንዳይነፈግ ይፈራል፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ያለ ፈቃዱ አንድ እርምጃ አትሂዱ፣ ውጤትም ቃል አትግቡ። መሥሪያ ቤቱ ታማኝነት ቢጠይቃችሁ፣ የዓለም አቀፉ የሶሻል ወርከሮች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀው የሥነ ምግባር መግለጫ አድልዎንና ፍትሐዊ ያልሆነ አሠራርን መቃወም ግዴታችን እንደሆነ ይናገራል።

ቀደም ብለው የተዘጉት ሌሎቹ ፋይሎች ግን አልተከፈቱም። አዲሱ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ተብሏል። እንዲከፈቱ ያስገባሁት ማመልከቻ፣ የአንቀጽ ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ተጽፎበት፣ እስካሁን መልስ አላገኘም።