መስመሩ ላይ ይሁን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በረዶ ላይ የምንሸራተትባቸውን አዲሶቹን ስኪዎቼን ለጫማ ማሰሪያቸው አስበስቼ መጣሁ። ለአንዱ 8፣ ለሁለቱ 16 ቀዳዳ። ማሰሪያው የት ይመታ የሚለውን ሳልወስን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲቆሙ ባለቤቴ ታግሣኝ ነበር፤ በመጨረሻ ግን «አንድ ሳንቲሜትር እኮ ነው! ለአንድ ሳንቲሜትር ይህን ያህል ቀን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገር ግን በአሮጌዎቹ ስኪዎች ቦታውን ስቼ ያሳለፍኩትን ወቅት የማውቀው እኔ ነኝ። ሳይረሳኝ ዛሬ ማታ ልጻፈው።

ሰፋፊ ስኪዎች ሲገዙ ብዙ ጊዜ ማሰሪያ የላቸውም፤ ልሙጥ ናቸው። ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያ ለብቻው ይገዛና ከፊትና ከኋላ በብሎን ይመታል። ፋብሪካው ስኪው ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል፤ ጫማውም ሶሉ መሃል ላይ የራሱ ምልክት አለው። ሁለቱ ሲገጥሙ ሠሪው ባሰበልህ ቦታ ቆመሃል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፊት መቅረብም ሆነ ወደ ኋላ መራቅ የባለቤቱ ውሳኔ ነው። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ቢያንስ አንድ ሳንቲሜትር ካልራቀ እንጨቱ ብሎኑን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ «ትንሽ ልግፋው» ብሎ ነገር የለም።

አባቴ ደሴ ውስጥ አናጺ ነበር። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መስመር ካሰመረ በኋላ ወዲያው አይቆርጥም። ሻይ ይጠጣል፤ ተመልሶ እንደገና ይለካል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ስኪው ላይ የተጻፈው ርዝመት 184 ሳንቲሜትር ነው፤ ሜትሩን ከጭራ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርጌ ስዘረጋው ግን 182.6 ሆነ። ግማሹ 91.3 ነው። የፋብሪካው መስመር ከጭራው 85.3 ላይ ስለሆነ ከእውነተኛው መሃል 6 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ብለካውም ያው ነው። መለካቱ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ መወሰኑ ነው።

መንሸራተት የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። በዚያ ዕድሜ የጀመረ ሰው መውደቅን እንደ ልጅ አይንቀውም። ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሰፋፊ ስኪዎች ስገዛ ሰዎች «ጥልቅ በረዶ ውስጥ ወደ ኋላ ተደገፍ፤ ማሰሪያውንም ወደ ኋላ አድርገው፤ ጫፉ አይሰምጥም» አሉኝ። ምክሩ ልቤን ደስ አሰኘው። ከመስመሩ 2 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ አስበሳኋቸው።

ጫፉ እውነትም አልሰመጠም። ስኪው ግን አልታዘዝ አለ። ከፊቴ የረዘመው ክፍል ለመዞር ጊዜ ይፈልጋል፤ ዛፍ መሃል ደግሞ ጊዜ የለም። ጭራው ስላጠረ ወደ ኋላ ባዘነበልኩ ቁጥር የሚደግፈኝ አጣሁ፤ ክብደቴን በሙሉ የተሸከመው ጭኔ ነበር።

ያን ወቅት አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን እስከ ጉልበት ድረስ ጥሎ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሎቭላንድ ወደሚባለው የስኪ ሥፍራ ሄድኩ። ቦታው ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የአይዘንሃወር ዋሻ ከተራራው ሥር ያልፋል። ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጡት ሊፍቶች መነሻ እንኳ 3,290 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የደሴን ከፍታ የለመደ ሰው ሳይቀር እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥዶቹ መሃል ስገባ ወደ ግራ ልዞር ፈለግሁ፤ ስኪው ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደቅሁ። የግራው ስኪ ተፈትቶ በረዶ ውስጥ ጠፋ። እንዲህ ያለ ስኪ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሰውየው ካረፈበት ሽቅብ ስለሆነ፣ እስከ ወገቤ እየሰመጥኩ በዱላዬ በረዶውን ስወጋ 40 ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ጓንቴ ውስጥ በረዶ ገብቶ ጣቶቼ ደነዘዙ። እየወረዱ ሳሉ ቆመው አብረውኝ የፈለጉ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ነበሩ። ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ስኪውን ከበረዶ አራግፈው እየሰጡኝ «ልጄ፣ ከላይ ሆኜ አይቼሃለሁ፤ ስኪው ላይ አልቆምክም፤ ተቀምጠህ ነበር» አሉኝ።

ያ አባባል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የሰዎቹ ምክር ውሸት አልነበረም፤ ዘመኑ አልፎበት ነው። ስኪ ጠባብና ቀጥ ያለ በነበረበት ጊዜ ጫፉን ከበረዶ በላይ ለማቆየት ወደ ኋላ ማዘንበል ግድ ይል ነበር። ታዋቂው የስኪ ተንሸራታች ሼን ማኮንኪ ግን ሐሳቡን ከውሃ ላይ ስኪ ወስዶ ጫፉና ጭራው ወደ ላይ የቀና፣ መሃሉ የሰፋ ስኪ ይዞ መጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቮላንት የተባለው ኩባንያ ስፓቹላ ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዛሬ የምንገዛቸው አብዛኞቹ የጥልቅ በረዶ ስኪዎች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ስፋታቸውና የጫፋቸው ወደ ላይ መታጠፍ ራሱ ያንሳፍፋቸዋል። የሚጠይቁት ሰው መሃላቸው ላይ እንዲቆምላቸው ነው።

ይህን በወሬ ብቻ ማመን አልፈለግሁም። ለሙከራ የሚከራዩ ስኪዎች ማሰሪያቸው ሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ባለፈው ወር፣ በሥራ ቀን፣ የአዲሶቹን ዓይነት ተከራይቼ ያንኑ አንድ ቁልቁለት በሦስት ልክ ወረድኩ። ከመስመሩ 1 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ሲሆን መዞሩ እንደ ጨዋታ ቀለለኝ፤ ሊፍቱ ሥር ባለው ለስላሳ ክምር ውስጥ ስገባ ግን ጫፉ ጠልቆ በአፍጢሜ ሊደፋኝ ምንም አልቀረውም። አየር ላይ ለሚሽከረከሩና ወደ ኋላ ዞረው ለሚያርፉ ወጣቶች ወደ ፊት መምጣቱ እንደሚስማማቸው ገባኝ። 2 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ሳደርገው ሰውነቴ ወዲያው የድሮውን አቀማመጥ አስታወሰ፤ ጉልበቴ ታጠፈ፣ ወገቤ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጭኔ ነደደ። ሰፊ ሜዳ ላይ በፍጥነት ለሚወርድ ግዙፍ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ለእኔ ግን አይሆንም። መስመሩ ላይ ስመልሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አስፈሩኝ፤ በሦስተኛው የጫማዬን ምላስ በቅልጥሜ ገፋሁት፣ ስኪውም ተከተለኝ። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያኔ ወደ ኋላ ያስበሳኝ ፍርሃቴ እንደነበረ ነው።

ይህን እያወቅሁም ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ፍርሃት አንድ ሳንቲሜትር ብቻ እንኳ ይለምናል።

ዛሬ የሱቁ ባለሙያ ጫማዬን ገልብጦ የሶሉን ርዝመት አነበበ፤ 305 ሚሊሜትር። ክብደቴን፣ ቁመቴንና ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ማሰሪያው ስወድቅ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈታ የሚስተካከለው በእነዚህ ነው፤ እሱን ለባለሙያ መተው ይሻላል። እግረ መንገዱን «ኢትዮጵያ ውስጥ ስኪ አለ?» አለኝ። ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኩት፤ በ2006 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ለኢትዮጵያ መወዳደሩን። የሮቤል ውድድር አገር አቋራጭ ስለሆነ ማሰሪያው የሚይዘው የጫማውን ፊት ብቻ ነው፤ ተረከዙ ነፃ ነው። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀና መለኪያውን ስኪው ላይ አጥብቆ «የት ላድርገው?» አለኝ።

«መስመሩ ላይ ይሁን» አልኩት።

ስኪው ላይ 3.5 በ9 ተብሎ ተጽፏል፤ የመሰርሰሪያው ውፍረትና የቀዳዳው ጥልቀት በሚሊሜትር ነው። መሰርሰሪያው ገና ሲነካው ከጥቁሩ ሽፋን ሥር ነጭ ሰጋቱራ ተጠቅልሎ ወጣ። ሽታው አባቴ እንጨት የሚሠራበትን ቤት አመጣብኝ፤ ለደቂቃ መናገር አቃተኝ። ባለሙያው በየቀዳዳው አንዳንድ ጠብታ ሙጫ አድርጎ ብሎኖቹን በእጁ አጠበቃቸው።

አሁን ተመልሰው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ለሐሙስ ሌሊት በረዶ ተተንብዮአል፤ አርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ እነሳለሁ። በግራው ስኪ የኋላ ማሰሪያ ሥር አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት ሙጫው ይዟት ቀርታለች። አልጠረግኋትም።