«ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» (የትንሣኤ በዓል መልእክት)

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በሩቅም በቅርብም ያላችሁ፣ ሐሳባችሁን የምትጽፉልኝም፣ አንብባችሁ ዝም ብላችሁ የምታልፉም፣ ሁላችሁንም እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ።

የበዓል መልእክት ሲያጥር ያምራል። የዛሬው ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። ሰሞኑን ከኢሳይያስ 53 መላቀቅ አቅቶኝ ነው የሰነበትኩት። ምዕራፉን ብዙዎቻችን በቃል እናውቀዋለን። አንድ ሰው «የተናቀ ከሰውም የተጠላ» ብሎ ከጀመረ ቀሪውን እኛ እንጨርስለታለን። ስለ ማን እንደሚናገርም አንጠይቅም። መልሱን ይዘን ነዋ የምንገባው! እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ መልሴም ያው የሁላችን መልስ ነው። ነገር ግን መልሱን አስቀድሞ ማወቃችን ግጥሙን ራሱን እንዳናነበው እያደረገን ይሆን ብዬ መፍራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። መዝሙሩ የሚጀምረው ከ53፥1 አይደለም፤ ከ52፥13 ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል የመጣው ከነቢዩ ዘመን እጅግ ዘግይቶ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከፋፋዩ እዚህ ጋ መስመሩን ያሰመረው ያለቦታው ነው። የተቆረጡት ሦስት ቁጥሮች ደግሞ ቀላል አይደሉም። እግዚአብሔር ራሱ የሚናገርባቸው ናቸው፦ «እነሆ፥ ባሪያዬ በማስተዋል ያደርጋል፤ ይከብራል ከፍ ከፍም ይላል።» መጨረሻው ክብር እንደሆነ ገና ከመነሻው ተነግሮናል። ከዚያ 53፥1 ላይ ተናጋሪው ይለወጣል። አሁን የሚናገሩት «እኛ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል እግዚአብሔር እንደገና ይናገራል። «ባሪያዬ» የተባለው አገልጋዩ ራሱስ? በ15ቱም ቁጥሮች አንድ ቃል አይወጣውም።

በፊተኞቹ መዝሙሮች እንዲህ አልነበረም። በ1892 በርንሃርት ዱም የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ከኢሳይያስ መጽሐፍ አራት የአገልጋይ መዝሙሮችን ለይቶ አውጥቶ ነበር፤ በምዕራፍ 42፣ 49፣ 50 እና ይህ የመጨረሻው። በ49 እና በ50 አገልጋዩ ራሱ ይናገራል፤ ድካሙንም፣ ጀርባውን ለገራፊዎች መስጠቱንም ይነግረናል። እዚህ ሲደርስ ግን ስለ እርሱ የሚመሰክሩት የናቁት ሰዎች ናቸው።

የሚመሰክሩትም በራሳቸው ላይ ነው። «እኛ ግን እንደ ተመታ በእግዚአብሔርም እንደ ተቀሠፈ እንደ ተቸገረም ቈጠርነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች አገልጋዩን መትተውታል አይልም። የሠሩት ሥራ ሌላ ነው፦ የሚሠቃይ ሰው አይተው «እግዚአብሔር ቢቀጣው ነው» ብለው ደመደሙ። ፊታቸውንም ሰወሩበት። ምን አድርጎ ይሆን እየተባባሉ ማለፍ ማለት ነው። እኛስ ስንቴ አደረግነው? ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲያጣ፣ ትዳሩ ሲፈርስ መጀመሪያ የምንፈልገው ጥፋቱን ነው። ጥፋቱን ካገኘን እፎይ እንላለን፤ እኛ ላይ አይደርስማ!

ይህን መዝሙር በክርስትና ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ጮክ ብሎ የጠየቀበት ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው። (የህንደኬ መንግሥት ከግብፅ በስተደቡብ በዓባይ ዳር የነበረው የመርዌ መንግሥት እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። የእኛ ነው፣ አይደለም ለሚለው ክርክር ሌላ ቀን እንቀጣጠር።) ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስበት «ለመታረድ እንደሚነዳ ጠቦት» የሚለው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ጠየቀ፦ «እባክህ፥ ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ሰው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እስከ ዛሬ ሊቃውንት የሚከራከሩበት ይኸው ጥያቄ ነው። የሚገርመኝ ግን ጠያቂው ነው። ይህ ሰው ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ደርሶ እየተመለሰ ነበር። ዘዳግም 23፥1 እንደ እርሱ ያለው ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ልጅ አይወልድም፣ ስሙን የሚያስጠራ ዘር የለውም። እጁ ላይ ያለው ጥቅልል ደግሞ «ትውልዱንስ ማን ይናገራል? ሕይወቱ ከምድር ትወገዳለችና» ይላል። ራሱን ሳያይበት ቀረ ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ሉቃስ የፊልጶስን ስብከት አልጻፈልንም። «ከዚህ መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ወንጌል ሰበከለት» ብሎ ያልፋል። ከዚህ ጀምሮ ነው ያለው። ጥቅልሉን ትንሽ ወደፊት ቢገፉት ምዕራፍ 56 ላይ ይደርሳሉ፦ «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል።» ቀጥሎም ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በእግዚአብሔር ቤት ተስፋ ይሰጣቸዋል። እዚያ ድረስ አንብበው ይሆን? ሉቃስ ባይነግረንም እኔ አዎ እላለሁ። ሠረገላ ላይ ሆኖ ጥቅልል የያዘ ሰው እዚያ ጋ አያቆምም።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ይህን መዝሙር ለምን ለምን እንደተጠቀሙበት ስታዩ ደግሞ ይበልጥ ይገርማችኋል። እኛ ከስቅለቱ ጋር ብቻ ነው የምናያይዘው። ማቴዎስ ግን «ድካማችንን ወሰደ ደዌያችንንም ተሸከመ» የሚለውን ያነሣው ኢየሱስ የጴጥሮስን አማት ከንዳድ በፈወሰበት፣ ሲመሽም በሽተኞችን ሁሉ ባዳነበት ቦታ ነው። መስቀሉ ገና ሩቅ ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ወንጌል ባልተሰማበት አገር ለመስበክ ያለውን ምኞት ለማስረዳት ከዚሁ መዝሙር ይጠቅሳል። በ96 ዓ.ም. ገደማ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አባት የሮሜው ቀሌምንጦስ ሽማግሌዎቻቸውን ለሻሩት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ምዕራፉን ከሞላ ጎደል በሙሉ ገለበጠው። ለምን? ትሕትናን ተማሩ ለማለት።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 2 ነው። «በመገረፉ ቁስል ተፈወሳችሁ» የሚለው ቃል የተጻፈው ለማን ነው? ቁጥር 18ን ተመልከቱ። ለሎሌዎች ነው። ጠማማ ጌታ ያላቸው፣ ያለ ጥፋታቸው የሚደበደቡ ሰዎች። በጀርባቸው ላይ ቁስል ያለባቸው ሰዎች ስለ ጌታቸው ቁስል ሲነበብላቸው ምን ተሰማቸው? ይህ ጥቅስ በኋላ ዘመን ባሪያዎችን ዝም ለማሰኘት ውሏል፤ ያ ነውር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ግን «የተናቀው እናንተን የሚመስል ነበር» ማለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ለብዙዎቻችን ወደማይመቸው ነገር ልግባ። አይሁድ ይህን መዝሙር እንዴት ያነቡታል? መልሱ አንድ አይደለም። አገልጋዩ መሲሑ ነው ያሉ ጥንታውያን ምንጮች አሉ፤ ነቢዩ ኤርምያስ ነው ያለ ሊቅም አለ። እየገነነ የመጣው ንባብ ግን አገልጋዩ የእስራኤል ሕዝብ ነው የሚለው ነው። ክርስቲያኑ ሊቅ ኦሪገን በ3ኛው መቶ ዘመን ከአይሁድ ሊቃውንት ጋር ሲከራከር ይህንኑ እንደመለሱለት ራሱ ጽፏል። ንባቡ ደግሞ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ኢሳይያስ 49፥3 «እስራኤል ሆይ፥ አንተ ባሪያዬ ነህ» ይላል። ከምዕራፍ 40 ጀምሮ ያለው ቃል የሚናገረው ከተማው ተቃጥሎበት ወደ ባቢሎን ለተጋዘ ሕዝብ ነው። የተናቀ፣ ከምድሩ የተነቀለ፣ «አምላካቸው ቢጥላቸው ነው» የተባለለት ሕዝብ።

ይህን ንባብ አጥብቀው ካስተማሩት አንዱ የፈረንሳዩ አይሁዳዊ የመጻሕፍት ተርጓሚ ራሺ ነው (1040–1105)። በወጣትነቱ በጀርመን ከተሞች በማይንትስና በዎርምስ ተምሯል። በ1096 ወደ ኢየሩሳሌም የሚዘምቱ መስቀል ጦረኞች በእነዚሁ ከተሞች ያሉትን አይሁድ ፈጇቸው። ራሺ በሕይወት ነበር። የኢሳይያስ ትርጓሜው ከዚህ እልቂት በፊት ይሁን በኋላ አልከራከርም። ልብ በሉልኝ የምለው ሌላ ነገር ነው፦ ገዳዮቹ በልብሳቸው ላይ መስቀል ሰፍተው ነበር። በ1215 ደግሞ አራተኛው የላተራን ጉባኤ የተባለው የሮም ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አይሁድ ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት፣ በተለይም በስቅለት ዕለት፣ ከቤት ወጥተው እንዳይታዩ ደነገገ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ሰውም ፊቱን እንደሚሰውርበት የተናቀ ነው» እየተነበበ፣ ውጭ ደግሞ ሰዎች ፊታቸው እንዳይታይ በአዋጅ ተሰወሩ።

እኔ አገልጋዩ ክርስቶስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ፊልጶስ የመለሰው መልስ መልሴ ነው። ነገር ግን መዝሙሩ ለአንባቢው ያዘጋጀው ቦታ የዳኛ ወንበር አይደለም። «እነርሱ አላወቁትም» እያልን በሌላው ላይ ጣት ስንቀስር ከመዝሙሩ እንወጣለን፤ በውስጡ እንዲህ የሚናገር ማንም የለማ። የሚናገሩት «አላከበርነውም» የሚሉት ናቸው።

አንድ ቁጥር አሁንም ያስጨንቀኛል። 53፥10 «እግዚአብሔርም በደዌ ያደቅቀው ዘንድ ፈቀደ» ይላል። ቁጥር 4 ላይ «እግዚአብሔር ቀሠፈው» ማለታቸው ስሕተት እንደነበር ሰዎቹ ተናዝዘው አልነበረም? ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያስታርቁ ሰባኪዎች ሰምቻለሁ፤ አላረኩኝም። መዝሙሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ትቷቸዋል፤ እኔም እንዳሉ ልተዋቸው።

ይኸው ቁጥር ግን በዚያ አያበቃም፤ ለትንሣኤ በዓል የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ቁጥር 9 ላይ አገልጋዩ ተቀብሯል፤ መቃብሩ ከክፉዎች ጋር ሆኗል። ቁጥር 10 ላይ «ዘሩን ያያል፥ ዕድሜውም ይረዝማል» ይላል። እንዴት ተነሣ፣ መቼ ተነሣ፣ አንዲት ማብራሪያ የለም። ከተቀበረ በኋላ ያያል፣ በቃ። ደጋግመን የምናነበው በስቅለት ነው፤ እኔ ግን እሑድ ጠዋትም መነበብ አለበት ባይ ነኝ።

እናም በዚህ በዓል ጊዜ ካላችሁ ከ52፥13 ጀምራችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ጃንደረባውም እንዲያ ነበር የሚያነበው። ብቻችሁን ከምታነቡት ከሰው ጋር ቢሆን ይሻላል። «ስለ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ ቶሎ አትመልሱለት፤ እስኪጨርስ ጠብቁት። በሕመም፣ በሐዘን ወይም በስደት ሆናችሁ በዓሉን የምትውሉ ወዳጆቼ በተለይ ሰላም ይብዛላችሁ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!