አንቀጽ 2472

መሽቷል። ጣና ዳር ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። ጠዋት ያናገርኳቸው እናት ከሐሳቤ አልወጡም።

የሕግ አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫው ውስጥ ባለጉዳይ አናግራለሁ። እማማ ከዘጌ በጀልባ ነው የመጡት። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጡ። የጎረቤታቸው ስልክ ቁጥር ነው፤ ሌላ ምንም የለባትም። 8,000 ብር አበድረዋታል። ውል የለም፣ ፊርማ የለም። “ልጄ፣ ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን፤ እንዴት ብዬ ፈርሚ ልበላት?” አሉኝ።

ሦስት ምስክር ቆጠሩልኝ። ዝም አልኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ 2472ን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። በዚያ ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ እዚህ ዳር ሁለት ሰው ዓሣ በልቶበት ላይተርፍ ይችላል። አንቀጹ ግን እንዳለ አለ። “አይሆንም” የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣ አለችኝ።

ኋላ የአንቀጹ መጨረሻ ትዝ አለኝ። ጽሑፍ ባይኖርም፣ ተበዳሪዋ ችሎት ፊት ካመነች ወይም መሐላ ካለ ብድሩ ይረጋገጣል። ለፈተና ስሸመድድ ያቺን ቁራጭ ልብ ብዬ አንብቤያት አላውቅም። ነገርኳቸው። ፊታቸው ፈካ። “ትማል! እሷ በሐሰት አትምልም፤ እግዜርን ትፈራለች።”

ዶርም ውስጥ ወሬው ሁሉ የመውጫ ፈተናና ሥራ ነው። አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዷ ዳኛ፣ የሚበዙት የባንክ ነገረ ፈጅ መሆን ይፈልጋሉ። ደመወዙ ይሻላል፤ አልፈርድባቸውም። የእኔም ሐሳብ እስከ ትናንት ባንክ ነበር፤ አባቴም የሚጠብቀው እሱን ነው። ዛሬ ግን ጥብቅና ልቤ ገባ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሕጉን እንደገና እንዳነብ የሚያደርገኝ ሥራ እፈልጋለሁ። ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ገና አላሰብኩበትም።

ከሰዓት እማማን ጀልባው ድረስ ሸኘኋቸው። “ክስ ከሚደርሳት መጀመሪያ እኔው ላናግራት” አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ክሱን ለሰኞ አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ። ሳይፈለግ ቢቀር ደስ ይለኛል።