በሩን ማን ይግጠም? የአሜሪካ አናጺዎች ማኅበር

የአሜሪካ አናጺዎች ማኅበር ታሪክ ሲነሣ ወሬው አድማና ደመወዝ ላይ ይቆማል። የጠቡ ሥር ግን በር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ አናጺ ብርዱን ወርክሾፕ ገብቶ በርና መስኮት እየሠራ ያሳልፋል፤ ሲሞቅ ወጥቶ ይገጥማል። በእንፋሎት የሚሠራ መጋዝና መላጊያ ሲመጣ በሩ ከፋብሪካ አልቆ ይመጣ ጀመር። የብርዱ ሥራ በዚያው ቀረ። ተቋራጩ ደግሞ ሥራውን በጣጥሶ ለአንዱ ወለል ብቻ፣ ለሌላው በር ብቻ በቁርጥ ይሰጥ ያዘ። በር መግጠም ብቻ የለመደ ልጅ ጣሪያ ማዋቀር ባይችል ማን ይጠይቀዋል? ርካሽ ነው። ሙሉ ባለሙያውም በእሱ ዋጋ ይሠራል ወይ ይቀመጣል።

በኦገስት 1881 በእነ አናጺው ፒተር ማክጓየር ጥሪ ከ11 ከተሞች የመጡ 36 ተወካዮች ቺካጎ ላይ ማኅበሩን መሠረቱ። አባል ሲሞት ልክ እንደ እድር ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ሥራ ሲጠፋ መዋጮ የሚያቋርጠውን ሰው የሚያቆየው ይኸው ነው፤ ከወጣ መብቱን ያጣል።

በ1890 ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን በተጠራው ትግል የሠራተኛ ማኅበራት ጥምረት የሆነው የአሜሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽን አናጺዎቹን ከፊት አሰለፈ። ቀኑ ሜይ 1 ነበር። ግንባታ የሚሟሟቀው ያኔ ነው፤ ተቋራጩም የማስረከቢያ ቀን ፈርሟል። አናጺ ከቆመ ለሳኙም መንገድ የለውም፤ ሕንፃውን ደግሞ እንደ ፋብሪካ ዕቃ ሌላ ከተማ ወስዶ ማሠራት አይቻልም።

ወደ በሩ እንመለስ። የኒውዮርክ አናጺዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ የተሠራ በርና ክፈፍ አንገጥምም አሉ። ፋብሪካዎቹ ከሰሱ፤ በ1917 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጠየቁትን እገዳ ነፈጋቸው።

ከዚያ በፊት የብረት በር መጥቶ ነበር። አናጺው «እንጨት የነበረ ሁሉ የእኔ ነው» አለ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። መቃኑ ብረትም ይሁን እንጨት በቱንቢ ይቆማል፣ በሽብልቅ ይጠበቃል፤ ትንሽ ካዘነበለ በሩ ወይ ራሱን ይከፍታል ወይ ወለሉን ይፍቃል። የቆርቆሮ ሠራተኞች ማኅበር ግን ብረቱን ቆርጦና አጥፎ የሚሠራው የእኔ ሰው ነው አለ። በ1909 የፌዴሬሽኑ የሕንፃ ሙያዎች መምሪያ ለቆርቆሮ ሠራተኞቹ ፈረደ። አናጺዎቹ አሻፈረን አሉ፤ ጠቡም ከ10 ዓመት በላይ ዘለቀ። አንዱ ሲገጥም ሌላው ሥራ ያቆማል፤ በጠቡ የሌለበት ተቋራጭም ኪሳራውን ይቆጥራል።