ስለቴን ልመስክር

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቆሜ "እመቤቴ፣ እንደገና ማራቶን ካስሮጥሽኝ ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ፤ ያደረግሽልኝንም በሰው ፊት እናገራለሁ" ብዬ ነበር። ዣንጥላው ደርሷል። የቀረኝ መናገሩ ነው።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለክለብ ሮጫለሁ። ታዋቂ አልነበርኩም፤ ጃንሜዳ ላይ አቧራ ከጠጡት ብዙ ልጆች አንዷ ነኝ። ከዚያ አሜሪካ መጣሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ሥራ ያዝኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ ሌሊት ሌሊት። ሩጫውን ግን አልተውኩትም። አርባን ስሻገር ማስተርስ በሚባለው የዕድሜ ምድብ መወዳደር ጀመርኩ።

ሃምሳ ስጠጋ የቀኝ እግሬ አኪለስ፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት፣ ታመመ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነበር የምራመደው። እሱ ሻል ሲለኝ ደግሞ ቅልጥሜ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። ያየኝ ሐኪም "በዚህ ዕድሜሽ የእግር ጉዞ ይበቃሻል" አለኝ።

ሰው ሁሉ "ጤና ካለሽ ሩጫው ቢቀር ምን አለበት?" ይለኝ ነበር። ለእኔ ግን የጸሎት ሰዓቴ ሩጫው ነው። ቤት ውስጥ ስቆም ሐሳቤ ይበተናል፤ መንገድ ላይ ነው እመቤቴን በደንብ የማነጋግራት። እግሬ ሲቆም ጸሎቱም አብሮ ቆመ። ሥራ፣ እንቅልፍ፣ ሥራ ብቻ ሆነ ኑሮዬ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። "አባ፣ ለሩጫ ይጸለያል ወይ? ሰው ለካንሰር፣ ለእስር፣ ለልጅ ያለቅሳል። እኔ ለእግር ጅማት ሳለቅስ አያሳፍርም?" አልኳቸው።

"እግርሽን ማን ሠራውና ነው ልጄ የምታፍሪው?" አሉኝ። "ንገሪው። ሐኪሙንም እንዳትተዪ። ጸበሉም ሕክምናውም የእሱ ነው።"

በዚያው ዓመት አገር ቤት ገባሁ። ከእትዬ ጋር በጠዋት እንጦጦ ወጣን። ዳገቱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ልምምድ የሠራሁበት ነው። በባሕር ዛፉ መሃል ልጆቹ ሲወጡ ትንፋሻቸው ይሰማል። እኔ በእትዬ ክንድ ተደግፌ ወደ ጸበሉ ወረድኩ። ተጠመቅኩ፣ ተሳልኩ። ስመለስም ያው እያነከስኩ ነበር። ይህን የምናገረው ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች እንድትሉኝ ነው።

አሜሪካ ስመለስ ግን ሌላ ፊዚዮቴራፒስት ተመደበችልኝ፤ ራሷም ሯጭ ናት። ጅማት ደም በብዛት ስለማይደርሰው ቀስ ብሎ እንደሚድን፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ይበልጥ እንደሚደክም አስረዳችኝ። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ቀስ እያደረግኩ እንዳወርድ አዘዘችኝ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። የአንድ ጊዜው ሲደመር 45 ነው። አርባ አንዱን ኪርያላይሶን እያልኩ ወረድኩበት፤ የቀሩትን አራቱን ለልጆቼ ሰጠሁ። የጠፋው ጸሎቴ እንዲህ ተመለሰ፣ ገና መሮጥ ሳልጀምር፣ የቤቴ ደረጃ ላይ።

በዚያ ሰሞን ነው ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶን ላይ ሁለተኛ የወጣው፣ 2:04:15 ሮጦ። እሱን አኪለሱና ባቱ ስንት ዓመት እንዳሰቃዩት የምናውቅ እናውቃለን። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ እልል አልኩ። ማሞ ወልዴም ትዝ አለኝ። ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ላይ በእ.ኤ.አ. 1968 አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ በ36 ዓመቱ ወርቁን ወሰደ። አራት ዓመት ቆይቶ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ደራርቱም በ37 ዓመቷ፣ የልጆች እናት ሆና፣ የኒውዮርክ ማራቶንን በእ.ኤ.አ. 2009 አሸንፋለች። የእነሱ አምላክ እኔንም አይረሳኝም አልኩ።

ከዚያ ጥቂት ሩጫ፣ ጥቂት እርምጃ። አንድ ቀን ሮጬ አንድ ቀን አርፌ። ፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚሄደው የማውንት ቨርነን መንገድ ላይ ሎንግ ራን፣ ማለትም ረጅሙን ልምምድ፣ መሥራት ጀመርኩ። ሕመሙ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ብዙ ከሮጥኩ በኋላ ስለ ተረከዜ አንዴም እንዳላሰብኩ ገባኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ብስክሌተኞች እየዞሩ ያዩኝ ነበር።

የተመዘገብኩት የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚያዘጋጁት ለማሪን ኮር ማራቶን ነው፣ ለ50ኛው። ቀኑ ኦክቶበር 26፣ 2025 ነበር። ውድድሩ ሲቃረብ የአገራችንን ካሌንደር ሳይ ጥቅምት 16 ነው፤ ኪዳነ ምሕረት! ሌላው አጋጣሚ ሊለው ይችላል። እኔ አልለውም።

በመድፍ ተኩስ ተጀመረ። ወንዙ ዳር ያለውን ሄይንስ ፖይንትን በሰላም አለፍኩ። 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ 14ኛ ጎዳና ድልድይ ላይ፣ ባቴ ጨመደደኝ። ዙሪያዬ ብዙ ሰው በእርምጃ ነበር የሚሄደው። ፍጥነቴን ቀነስኩና አርባ አንዱን ጀመርኩ። ስጨርስ ደግሜ ጀመርኩ። ድልድዩ አለቀ፤ ባቴም ለቀቀኝ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ዳገት እንጦጦ ያደገ ሰው ዳገት አይላትም። ከ3 ሰዓት ከ30 በታች ገባሁ። የቦስተን ማራቶን ለመመዝገብ ከ50 እስከ 54 ዓመት ላለን ሴቶች የሚጠይቀው 3 ሰዓት ከ50 ነው። አንገቴ ላይ ሜዳሊያ ያጠለቀልኝ ወታደር የልጄ እኩያ ነበር፤ ግንባሩን ሳምኩት።

አሁን ለእ.ኤ.አ. 2027ቱ ቦስተን እየተዘጋጀሁ ነው። በኤፕሪል ስለሆነ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፤ ሎንግ ራኑን በበሶና በተልባ ልሠራው ነው። እግሩን፣ ጉልበቱን፣ ወገቡን ይዞት ከሩጫ የቀረ ካለ የክርስትና ስሙን ይላክልኝ፤ ደረጃው ላይ ስቆም እጠራዋለሁ። እኔንም ወለተ ኪዳን ብላችሁ በጸሎት አስቡኝ።